የጫት ሰዓት ቃልና የነከሰው ፍሬን

ኤደን ከተማ ዳር፣ ብሬቃ ላይ የባሕር ንፋስ የማይበላው ነገር የለም። የበር ማጠፊያ ይበላል፤ የመስኮት ብረት ይበላል፤ ልብስ የምናሰጣበትን ሽቦ እንኳ ዓመት ሳይሞላው በጥሶ ከነልብሱ አሸዋ ላይ ይጥለዋል። መኪናም እንደሚበላ ያወቅኩት ግን የኋላ ጎማዎቹ አንዞርም ብለው የቀሩብኝ ዕለት ነው።

መኪናዋ ጀርባዋ ክፍት የሆነ አሮጌ ፒካፕ ናት። የኔ አልነበረችም፤ ቤታቸው የምሠራላቸው አሮጊት የኤደን ሴት ንብረት ናት። ባላቸው በሕይወት ሳሉ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤቱም እዚያው ሠራተኞቹ ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ነው። ከወሎ ተነሥቼ ባሕር ተሻግሬ ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት እሳቸው ቤት ነው፤ ሌላ ቤት አላውቅም። «ኻላ» እላቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደማለት። እሳቸውም «ያ ቢንቲ» ይሉኛል፣ ልጄ ሆይ ነው። ሲቆጡኝ ግን ልጅነቱ ይቀርና «ያ ሐበሺያ!» ይመጣል።

ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ መሪውን ለእኔ ለቀቁልኝ። ያስተማሩኝም ራሳቸው ናቸው። እሳቸው መንዳት የተማሩት በእንግሊዝ ጊዜ፣ ክሬተር ከሚባለው የኤደን ሰፈር በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ ከጎኔ ቁጭ ብለው ሲያዙኝ ቋንቋቸው ይደባለቃል። መንጃ ፈቃዱን «ሌሰን» ይሉታል። ቀጥ ብለሽ ሂጂ ለማለት «ሲዳ! ሲዳ!» እያሉ ከፊታቸው ያለውን በከዘራቸው ይደበድባሉ። ከትእዛዛቸው ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ነበር።

«ሃንድብሬክ ሳትስቢ ከመኪና የወረድሽ ቀን፣ ከቤቴም ትወርጃለሽ!»

ዳገት ላይ ለተማረ ሰው እውነታቸውን ነው። ብሬቃ ላይ ግን መኪና አይንሸራተትም፤ ብሬቃ ላይ መኪና ይዝጋል። ይህን እሳቸውም አላሰቡት፣ እኔም አላሰብኩት። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ስቤ፣ ጥርሱ ሲንቋቋ ሰምቼ ነበር የምወርደው።

ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጡረታው እየሳሳ መጣ፤ የኔም ደሞዝ አንድ ወር ሲመጣ አንድ ወር ይቀር ጀመር። ነገሩን ያነሡት ኻላ ራሳቸው ናቸው።

«መኪናዋ ቆማ ከምታየኝ ሥሪባት» አሉኝ። «ኪራይ አልልሽም። ለቤቱ ዓሣ ካመጣሽ ይበቃኛል። ግን አንድ ነገር ስሚኝ፤ የቆመች ቀን ትሸጣለች። ልጄ ከሳዑዲ በደወለ ቁጥር ሽጫት ይለኛል። በአሮጌ ብረት ላይ ጡረታዬን አላፈስም።»

እሺ አልኩ፤ የሰው ኩሽና ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ እሺ የሚያስብል ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ከፈጅር ሶላት በኋላ ወደ ራስ ኢምራን እነዳለሁ። እዚያ ጀልባዎቹ ሲገቡ ከአንድ ናኹዳ፣ ከጀልባ አዛዥ ማለት ነው፣ ዓሣዬን እገዛለሁ። ከበረዶ ጋር ጀርባዋ ላይ ደርድሬ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ፣ መንሱራ ሰፈር ወስጄ በየሕንፃው ሥር እሸጣለሁ። ሴቶቹ ከፎቅ ሆነው «ያ ሐበሺያ፣ ዛሬ ምን አለሽ?» ይሉኛል። እኔም «እኔማ ሁሉ አለኝ፤ እናንተ ሳህን ይዛችሁ ውረዱ» እላለሁ። ይህን ያህል ደስ የሚል ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ቆሜ ማንንም ፈቃድ ሳልጠይቅ እስቃለሁ፣ እጮኻለሁ፣ እከራከራለሁ፤ ሲመሽ እጄ ላይ ያለው የራሴ ነው።

በዓመቱ ውስጥ ባሕሩ የሚቆጣበት ወራት አለ። ከደቡብ የሚመጣው ንፋስ ማዕበሉን ያስነሣዋል፣ ጀልባ አይወጣም፤ ባሕሩ ተዘጋ ይላሉ። ያን ጊዜ መኪናዋን ቤቱ ፊት ለፊት አቁሜ፣ አጥቤ፣ የእጅ ፍሬኗን እንደ ትእዛዙ ጥርቅም አድርጌ ስቤ ተውኳት። ጀርባዋ ወለሉ ተበስቷል። ዓመቱን ሙሉ የበረዶው ውሃ ከዓሣው ጨው ጋር እየተንጠባጠበ በዚያ ቀዳዳ የሚወርደው ቀጥታ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ነበር። ላይ ላዩን አጥቤ ለእኔ ንጹሕ መሰለችኝ።

ወራቱ አለቀና ናኹዳው በሚኒባስ ሹፌር መልእክት ላከ፤ ባሕሩ ተከፍቷል፣ ጁምዓ ማታ ወጥተን ቅዳሜ ጎህ ላይ እንገባለን የሚል። ራስ ኢምራን ላይ ልማድ አለ። ባሕሩ በተከፈተ የመጀመሪያው ቀን ጀልባው ፊት ቆሞ የተገኘ ገዢ ለዚያ ዓመት ተራው የሱ ነው። ያልተገኘ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጣል፤ ቢለምን ቢያለቅስ አይመለስለትም። ቅዳሜ ካልደረስኩ ለአንድ ዓመት ዓሣ የለኝም ማለት ነው። ዓሣ ከሌለ ደግሞ መኪናም የለም።

ማክሰኞ ዕለት ልሞክራት ብዬ ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ቢስሚላህ ሳልጨርስ ተነሣ። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ፊቷን ቀና አድርጋ ተንቀጠቀጠችና ቀረች። የእጅ ፍሬኑን አውርጃለሁ፤ ደግሜ አወረድኩት። ወርጄ የኋላውን ጎማ በእግሬ ረገጥኩት። ድንጋይ! ሁለቱም ጎማ ከነፍሬናቸው ተጣብቀዋል። በኛ አገር መካኒክ ነከሰ የሚለው ይህን ነው።

የውሃ ቦቴ የሚነዳ ጎረቤት በገመድ ጎትቶ ሰፈሩ ጫፍ ያለው ገራዥ አደረሰልኝ። የኋላ ጎማዎቿ ሳይዞሩ እየተፋቁ ሲሄዱ አስፋልቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ቀረ። ኻላ ከበራፋቸው ቆመው መስመሩን እያዩ «ሽጫት ያለኝ ልጅ አልተሳሳተም» አሉ።

«ኻላ፣ ትነሣለች።»

«እኔም ባንቺ ዕድሜ እንዲህ እል ነበር። እስከ ጁምዓ እጠብቃለሁ። ከዚያ ብረት የሚገዛውን ሰውዬ እጠራለሁ።»

ገራዡ ስንደርስ የከሰዓቱ ዐስር ሶላት አልፏል፤ ይህ ማለት የቃት፣ የኛው ጫት ሰዓት ነው። ባለቤቱ ከተራራው አገር የወረደ ወፍራም ሰው ነው። እዚያ መካኒክን ሁሉ መሐንዲስ ይሉታል፤ እኔም መሐንዲስ ነው የምለው። ጩቤውን ከነሰገባው ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ ጉንጩን እንደ ቲማቲም ነፍቶ፣ ከጎረቤቱ ጎማ ጠጋኝ ጋር አሮጌ ጎማ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሳይነሣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የመኪናዋን ሥር አየ።

«አብሽሪ ያ ኡኽቲ! ይህቺማ ምን አላት? ዝገት ናት። አንኳኩቼ እፈታታለሁ፣ አጸዳለሁ፣ ሐሙስ ትወስጃለሽ።»

እህቴ አይዞሽ ማለቱ ነው፤ ዋጋውንም ነገረኝ። ትንሽ ነው፤ እንዲያውም አሳዘነኝ።

«ቃልህ ነው?»

«ወላሂ ቃሌ ነው!» አለና ከቃቱ ለምለሙን መርጦ ዘረጋልኝ። «ቢስሚላህ በይ!»

ቢስሚላህ ብዬ ተቀበልኩ፤ ወደ ቤቴም እያንጎራጎርኩ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ የወሎ ሰው ይገባዋል። እኛ አገር ጫት የሚቀርበው ከዱዓ ጋር ነው። ወዳጃ የሚባለው የዱዓ ስብሰባ ተቀምጦ፣ ሽማግሌው መርቆ፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ደም የሚደርቀው ቅጠሉ በእጅ እያለ ነው። ጫት ላይ የወጣ ቃል ከመሬት አይወድቅም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለውን እየሰማሁ ያደግኩት እንደዚያ ባለ ቦታ ነው። ሰውዬው ቢስሚላህ ብሎ ቅጠል ሲሰጠኝ፣ ለእኔ በሽማግሌ ፊት ከመማል አይተናነስም።

በማግስቱ ጠዋት ስሄድ መኪናዋ ጀርባዋ በድንጋይ ተነሥቶ፣ ጎማዎቿ ወልቀው፣ እግሩ እንደታሰረ ከብት ተጋድማለች። መሐንዲሱ ጉንጩ ባዶ ነው፤ ፊቱም ከትናንቱ ጠብቧል። ፍሬኑን የሚሸፍነውን፣ እንደ ድስት የጎደጎደውን ብረት፣ ታምቡሩን ማለት ነው፣ አንሥቶ አሳየኝ። ከጫፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል።

«ታያለሽ? የኋላው በሙሉ መለወጥ አለበት።»

ከዚያም ዋጋ ጠራ። ማክሰኞ የጠራው ዋጋ የዚህኛው የልጅ ልጅ ይሆናል።

«አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ምን ነበር ያልከኝ?»

«ትናንት መቼ?»

«ቅጠል ስትሰጠኝ!»

ሳቀ። በክፋት አልሳቀም፤ ይህ ነው ያናደደኝ። ልጅ የሚያስቅ ነገር ሲናገር እንደሚሳቅ ነው የሳቀው። «እሱማ ቃት ላይ ነበርን፣ ያ ኡኽቲ።»

ቤት ስደርስ የደሴዋ ጓደኛዬ፣ ከኛ ሁለት ቤት አልፎ የምትሠራው፣ ኻላ ዘንድ ተቀምጣለች። የሆነውን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ሳቋን ልትይዝ ነው።

«ወይ አንቺ! ስንት ዓመት እዚህ አገር ኖረሽ በጫት ሰዓት ትዋዋያለሽ? እዚህ በጫት ሰዓት ሰው ቤተ መንግሥት ይሠራል፣ ሚስት ያገባል፣ አገር ያስተዳድራል! ሲመሽ አራግፎ ይነሣል።»

«ቢስሚላህ አለኮ!»

«ቢስሚላህማ እኔም ሽንኩርት ስከትፍ እላለሁ።»

ነገሩን በዐረብኛ ለኻላ ስንነግራቸው የሳቸው ንዴት ወደ ሌላ ሄደ። «በእኛ ጊዜ ቃት ሐሙስና ጁምዓ ብቻ ነበር። የሰሜኑና የደቡቡ አንድነት መጣ፣ በየቀኑ ሆነ። ታዲያ ሰው እውነት የሚናገርበት ሰዓት ከየት ይምጣ?» አሉና ብረት የሚገዛውን ሰውዬ ስልክ ቁጥር ማን እንደሚያውቅ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። አውቅ ነበር።

ያን ዕለት ሰሐን እያጠብኩ ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ፣ ባለ ታክሲ የጎረቤታችንን ልጅ ገጭቶ እግሩን ሰብሮት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ ዘመዶቹን አስከትሎ መጣና ጩቤውን ከወገቡ ፈትቶ የልጁ አባት እግር ሥር አኖረ። «ሐከምቱክ» አለው፤ ዳኛዬ አንተ ነህ፣ የፈለግኸውን ፍረድብኝ ማለት ነው። በመስኮት ሆኜ ሳይ አባትየው ይጮኻል፣ ትልቅ ካሳ ይጠይቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሰዉን አንድ በአንድ አየና ድምፁ ወረደ። የሕክምናውን ብቻ ፈረደ፣ ጩቤውንም መለሰ። ያን ጊዜ ኻላን ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ሥልጣኑን ሁሉ ሰው ፊት የሰጡት ሰው እንዴት አድርጎ ይቀማል?» ነበር መልሳቸው።

ታዲያ እኔስ? ጩቤ የለኝም እንጂ አፍ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ሻይ የሚጠጣበት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ጉንጩ ባዶ ሳለ ገራዡ ደረስኩ። ጎማ ጠጋኙ አለ፤ ጥላ ፍለጋ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎችም አሉ። የወርቅ አምባሬን ከእጄ አወለቅኩና መሐንዲሱ መፍቻ የሚደረድርበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከቅባቱ ንጹሕ ቦታ ፈልጌ አኖርኩት።

«ያ መሐንዲስ፣ ሐከምቱክ። በእኔና በአንተ መካከል ዳኛው አንተ ነህ። የፈረድከውን እቀበላለሁ።»

ጎማ ጠጋኙ የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«እሱን እኮ ነው አንተ የምትፈርደው።»

«ሴት እንዲህ ያለ ነገር አታመጣም።»

«አምጥታለች!» አለ ጎማ ጠጋኙ። «ወርቁ ጠረጴዛህ ላይ ነው። በል እንግዲህ ቃዲ ሆነሃል፤ ጥምጥም እናምጣልህ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ አሰማ። ሌላው ግን በቁም ነገር «ከተጠራህ ፍረድ፣ ልጄ» አለው። መሐንዲሱ አምባሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ዞሮ ሄደና እጁን በሳሙና መታጠብ ጀመረ። እስከ ክርኑ ታጠበ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰውዬው ነገሩን ከልቡ ይዞታል። ተመልሶ ቁጭ አለ።

«ማክሰኞ ምን አልኩሽ?»

ነገርኩት።

«ማን ሰማ?»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ ጎማ ጠጋኙ። «ጉንጬ ሙሉ ነበር እንጂ ጆሮዬ ባዶ ነበር።»

መሐንዲሱ ጢሙን አሻሸ። «እሺ። ታምቡሩን የሰነጠቀው የኔ መዶሻ ነው፤ ቸኩያለሁ። እሱ በእኔ። ጨውና ዝገቱ ያንቺ ነው፤ የፍሬኑ ሸራ፣ ዘይት የሚገፋው ሲሊንደር፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ተበልተዋል፣ እነሱ ባንቺ። የእጄ ዋጋ… ማክሰኞ የጠራሁት ለዘመድ ነው። ትናንት የጠራሁት ለባላንጣ ነው። ለደንበኛ የሚገባው መካከሉ ነው። ፈርጃለሁ።»

አምባሩን አንሥቶ በሁለት እጁ መለሰልኝ። ሽማግሌዎቹ «አላህ ይባርክ» አሉ። እኔም እንደ ሥርዓቱ ተቀብያለሁ አልኩ። በልቤ ግን ደምሬ ነበር፤ የፈረደው ፍርድ ትክክል ነው፣ ትክክል ግን ርካሽ አይደለም። ከገራዡ ወጥቼ በሚኒባስ ወርቅ ቤት ሄድኩ። ያንኑ አምባር ሸጬ ገንዘቡን ይዤ መጣሁ። የመለሰልኝን ወርቅ መልሼ አመጣሁለት ማለት ነው። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ምን አተረፍሽ?» አለችኝ። አምባሩ የተገዛው በዓሣ ነው፤ መኪናዋ ካለች ሌላ ዓሣ ሌላ አምባር ያመጣል። አምባር ግን መኪና ሆኖ ራስ ኢምራን አይወስደኝም። እንዲህ አልኳት።

መሐንዲሱ ምትክ ታምቡር ፍለጋ የሞቱ መኪኖች አካላቸው ወደሚሸጥበት ወደ ተሽሊሕ ሄዶ ዐስር ሲሆን ተመለሰ። በአንድ እጁ ታምቡሩን፣ በሌላው ብብት የቃት እስሩን ይዟል። ጓደኞቹ ጎማው ላይ ቦታ አዘጋጅተው ይጠሩታል። እሱ መኪናዋን ያያል፣ ቃቱን ያያል፣ እኔን ያያል።

«ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ባሕሩ ጋ መሆን አለብኝ» አልኩት።

«ይህን ጠዋት አልተናገርሽም። ፍርድ ላይ አይጨመርም።»

«ዳኛውን አይደለም የምለምነው፤ መሐንዲሱን ነው።»

ተነፈሰ። ቃቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለጎማ ጠጋኙ አስረከበና ከመኪናዋ ሥር ገባ። ጥቂት እንደሠራ ድምፁ ከሥር መጣ። «እጄ ያለ ቃት ይተኛል። አንድ ነገር አውሪ፣ ያ ኡኽቲ። ዝም ብለሽ እንደ ተቆጣጣሪ አትቁሚብኝ።»

እኔን አውሪ ማለት! ድንጋይ ስቤ ተቀመጥኩ።

«አጎቴ ግመል ይነዳ ነበር» አልኩ። «ባቲ የሚባል ገበያ አለን፤ ግመል እንደ ዶሮ የሚሸጥበት። አንድ ቀን ሲሄድ ከግመሎቹ ትልቁ መንገድ መካከል ተንበረከከ። ቢመታው አይነሣም። ቢያባብለው አይነሣም።»

«ጭነቱን አላራገፈለትም?»

«አራገፈ።»

«ውሃ?»

«ውሃ አቀረበ፤ ጠጣና ተመልሶ ተኛ።»

መዶሻው ቆመ። «እና ተነሣ?»

«ቡሎኑን አጥብቅ መጀመሪያ።»

ጎማው ላይ የተቀመጡት በሙሉ ሳቁ። መዶሻው እንደገና ተነሣ። እንዲህ እያልን፣ ግመሉ ሊነሣ ሲል እኔ ሌላ መንገደኛ እያመጣሁበት፣ መንገደኛው የራሱን ምክር እየሰጠ፣ አንዱ ጅራቱን ጠምዝዝ፣ አንዱ ጆሮው ላይ አዛን በልበት እያለ፣ ሸራው ገባ፣ ገመዱ ተለወጠ፣ ታምቡሩ ተገጠመ። ፀሐይዋ ከማጣሪያው ጭስ ማውጫ ጎን ስትወርድ መሐንዲሱ ወጥቶ ጎማውን በአንድ ጣቱ ገፋው። ዞረ። ያለ ድምፅ፣ ሲሽከረከር ቆየ።

«አሁን ተናገሪ!» አለ።

«አጎቴ ሌሎቹን ግመሎች ነድቶ ኮረብታውን ዞረ። ግመሉ ቀና ብሎ ቢያይ ማንም የለም። ተነሥቶ እየሮጠ ደረሰባቸው።»

«ይኸው ብቻ?»

«ግመል ብቻውን መቅረት አይወድም። ምን ልጨምርልህ?»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀና፣ ቁልፉን ሲሰጠኝ «ባሕር ዳር ስታቆሚያት ያን የእጅ ፍሬን አትንኪው፤ ተስቦ ከቆየ በዝገት ይነክሳል» አለኝ። «ከጎማው ኋላ ድንጋይ አድርጊ።»

«ለእመቤቴ አንተ ንገራቸው።»

«እኔ ቀድሞውንም ዳኛ ሆኜ ደክሞኛል።»

ቤት ስደርስ ኻላን ከጎኔ አስቀምጬ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞርን። አንድም ጊዜ ሲዳ አላሉም፤ ጆሯቸውን አዘንብለው ጎማውን ይሰማሉ። በራፋችን ላይ ስንቆም እጃቸው ወደ ፍሬኑ ሄደ። መዳፌን ከእጃቸው ሥር አስገባሁ።

«ኻላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ! ከመሐይም ጋር ኖሬ መሐይም ልሁን?» አሉ። ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ቀስ ብለው «ለልጄ ምን ልበለው?» ሲሉኝ «ቆማ ነበር፣ ተነሣች በሉት» አልኳቸው። ያን ዕለት ማታ ስልክ ሲደወል በበሩ በኩል ሰማኋቸው። «አልሸጥኳትም» ይላሉ፣ «ሥራ ላይ ናት።»

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ራስ ኢምራን ደረስኩ። ከእርጥቡ አሸዋ ራቅ አድርጌ፣ ደረቁ ላይ አቆምኳት። ጀልባዎቹ ገና ጥቁር ነጥብ ናቸው፤ ከኔ በቀር የመጡ ገዢዎች ጥቂት ናቸው። አንዱ፣ አዲስ ሰው ነው፣ የኔ ናኹዳ ጀልባ በምትቆምበት ልክ ፊት ለፊት ቆሟል። ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ።

«ይህ ቦታ ሰው አለው» አልኩት።

«ማን?»

«እኔ።»

«የታለች መኪናሽ? ተበላሸች ሲሉ ሰማሁ።»

በጣቴ አሳየሁት። ሲነጋ ጀልባዋ አፍንጫዋን አሸዋው ላይ ስትሰካ ናኹዳው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ዘሎ ወረደ። ሁለታችንንም አየና «ሐበሺያዋ ካለች ተራው የሷ ነው» አለ፣ ሌላም አልጨመረ። ሰውየው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ቀጣዩ ጀልባ ሄደ። እኔም ድራክ የሚሉትን ረዥሙን ዓሣ መረጥኩ፣ የጀልባው ሰዎችም ጭራው መሬት ላይ እየተጎተተ ተሸክመው ጫኑልኝ። የኋላው በጭነቱ ዝቅ አለ። ማርሽ አስገባሁ። ሄደች።

መንሱራ ስገባ ሴቶቹ ሳህናቸውን ይዘው ወረዱ። ስንት ወር ሙሉ የት ጠፋሽ፣ ሳዑዲ ሄደች አልን፣ አገባች አልን ይሉኛል። ከሁሉም የምትከራከረኝ አንዲት ሴት አለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ ዓሣ ስትገዛ ዓይኑን፣ ጉሮሮውን፣ ሆዱን ሳታይ አትከፍልም። አገላበጠች፣ አሸተተች፣ ዋጋውን ጠየቀች፣ ነገርኳት።

«ምነው! በፊት እንዲህ አልነበረም። ባሕሩ ያው ባሕር፣ ዓሣው ያው ዓሣ።»

«ገራዥ ገብቶ ነው።»

«ዓሣ ገራዥ ይገባል እንዴ?»

«ታዲያ እዚህ ድረስ በእግሩ የመጣ መሰለሽ?»

ጎረቤቶቿ ሳቁባት። እሷ አልሳቀችም። ሳህኗን ወገቧ ላይ አድርጋ ትንሽ ቀንሺ አለች፤ እምቢ አልኩ። ደግማ ለመነች፤ ደግሜ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ «በይ ከመካከሉ ቁረጪልኝ፣ ከጭራው አይደለም» ብላ ሳህኗን ዘረጋች። ከመካከሉ ቆረጥኩላት።